አባቴ በ1974 በሠራው ቤት ላይ ፎቅ ማውጣት ይቻላል ወይ? (ድሬዳዋ)

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ቤታችን ድሬዳዋ ለገሃሬ ነው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና በምድር ባቡር ሲሠራ በ1974 ያሠራው ባለ አራት ክፍል ቤት ሲሆን፣ ግድግዳው እስከ መስኮቱ ግርጌ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ወንድሜ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ከጂቡቲ ጠቅልሎ ሊመጣ ስለሆነ ቤቱን ማስፋት አለብን። ያነጋገርኩት ግንበኛ ቆርቆሮውን አንስቶ፣ በነባሩ ግድግዳ ላይ ሶሌታ (የአርማታ ወለል) ሞልቶ፣ ሁለት ሰፋፊ ክፍሎች ፎቅ ሊያወጣልኝ ተስማምቷል። ቤቱ አለት ስለሆነ አያሳስብም ይላል። በዚያው ሳሎኑን ከአባቴ መኝታ ቤት የሚለየውን ግድግዳ አፍርሰን ሳሎኑን ማስፋት እንፈልጋለን።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። የድንጋይ መሠረት ፎቅ ይችላል ወይ? ግድግዳው ሲፈርስስ ከላይ ያለውን ምን ይሸከመው? አባቴ ከሳሎን ወደ በረንዳ ለሚያወጣው ሰፊ በር በጨረታ የገዛውን የሃዲድ ቁራጭ አጋድሞበታል። ከ40 ዓመት በላይ ሲሸከም ትንሽ እንኳ አልጎበጠም። ሌላ ሃዲድ ፈልገን ብንደግመውስ? ሥራው ሰኞ ስለሚጀመር የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ።

ይህን የጻፍኩት በጥር መጀመሪያ ነበር። ዛሬ ምላሾቹ 22 ደርሰዋል፤ ሥራው ግን በዚያ ሰኞ አልተጀመረም። ብዙዎች ከምን ደረሰ እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ የተባለውን በተራ ቁጥሩ እጽፋለሁ። የራሴንም ሐሳብ በየመሐሉ አስገባለሁ፤ ከእነዚህ ምላሾች አንዳንዶቹ እናቴን ከክፉ ነገር አድነዋታል ብዬ አምናለሁና።

1. የመጀመሪያው መልካም ምኞት ነበር። ጸሐፊው የሰፈራችን ሰው ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት በአሮጌ ቤታቸው ላይ ሁለት ክፍል ጨምረው እስካሁን የፀጉር ያህል ስንጥቅ አላዩም። ሶሌታው 12 ሳንቲ ሜትር ከወፈረ በቂ እንደሆነ፣ ዋናው ነገር ያልቆየ ሲሚንቶና ልምድ ያለው ግንበኛ እንደሆነ ጻፉልኝ። ለወንድሜም የእንኳን ደህና መጣህ ሰላምታ ላኩ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ አደርኩ።

2. ሁለተኛዋ ጸሐፊ እዚሁ ድሬዳዋ የምትሠራ ወጣት መሐንዲስ ናት። መልስ ከመስጠቷ በፊት ጥያቄ አወረደችብኝ። መሠረቱ ስንት ሜትር ወደ ታች ይገባል? ስፋቱስ? ድንጋዩ የተያያዘው በሲሚንቶ ነው ወይስ በጭቃ? በማዕዘኖቹ ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) ቆሟል? ግድግዳውን ከላይ ዙሪያውን የሚያስር ቢም (አግዳሚ አርማታ) አለው? ከአምስቱ አንዱን እንኳ አላውቅም ነበር። የተወለድኩበትን ቤት የማላውቀው መሆኔ በጣም አሳፈረኝ።

ከዚያ ሒሳቡን አስቀመጠች። አንድ ሜትር ኩብ አርማታ 2.5 ቶን ያህል ይመዝናል። ሁለቱ ክፍሎች በድምሩ 40 ካሬ ሜትር ከሆኑና ሶሌታው በ1ኛው ምላሽ እንደተባለው 12 ሳንቲ ሜትር ከወፈረ፣ ሶሌታው ብቻውን 12 ቶን ይሆናል። በመኖሪያ ቤት ሰውና ዕቃ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ተብሎ ስለሚታሰብ ሌላ 8 ቶን ይጨመራል። በላዩ የሚቆመው የብሎኬት ግድግዳና የወለሉ ንጣፍ ገና አልተቆጠሩም። ቤቱ ዛሬ የተሸከመው ቆርቆሮና እንጨት ግን አንድ ላይ ቢመዘን 2 ቶን አይሞላም። አባቴ መሠረቱን ሲያስቆፍር ያሰበው ለዚህ ለ2 ቶኑ እንደሆነ፣ እኛ ግን ሳንጠይቀው ከአሥር እጥፍ በላይ ልንጭንበት እንደተዘጋጀን አስረዳች። ሰኞ የተባለውን ሥራ አቁሜ በመጀመሪያ በአንድ ማዕዘን ጉድጓድ አስቆፍሬ መሠረቱን በዓይኔ እንዳይ፣ ስንጥቅ ካለም ፎቶ አንስቼ እንዳሳያት ለመነችኝ።

3. ሦስተኛው ምላሽ ቁጣ ነበረበት። 27 ዓመት በግንበኝነት የሠሩ ሰው ናቸው። ከትምህርት ቤት የወጣ ሁሉ ሕዝቡን በቁጥር እያስፈራራ ገንዘብ እንደሚቀበል፣ እሳቸው ግን በነባር ግድግዳ ላይ ከ20 በላይ ቤት ደርበው አንዱም እንዳልወደቀ ጻፉ። የድሮ ሰው መሠረት ዛሬ ከሚቆፈረው እንደሚሻል፣ ያን ጊዜ ድንጋዩ ተመርጦና ተጠርቦ ይገባ እንደነበር፣ የእኔም ግንበኛ ልክ እንደሆነ አስረግጠው ተናገሩ። ከንግግራቸው ውስጥ ስለ ጥንቱ ድንጋይ ሥራ ያሉት እውነት እንደነበረው አሁንም አምናለሁ።

4. አራተኛው 3ኛውን ደግፎ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፈ።

5. መሐንዲሷ ተመለሰች። አንቱታውን አልተወችም፤ ቃሏ ግን ስለት ነበረው። ያልወደቀ ቤት ሁሉ ጠንካራ ነው ማለት እንዳልሆነ፣ ገና ያልተፈተነ ሊሆን እንደሚችል ለግንበኛው መለሰችላቸው። ድሬዳዋ የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ግርጌ ነው። በ2017 በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሳምንታት ሙሉ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ከቤቱ እየወጣ ማደሩን ሁላችንም እናስታውሳለን። መሬት ሲንቀጠቀጥ ቤትን ወደ ጎን ይገፋል፤ የሚገፋውም በክብደቱ ልክ ነው። ኮለን በሌለው የድንጋይና የብሎኬት ግድግዳ ላይ ከባድ አርማታ መጫን ከሁሉ የከፋው አሠራር የሚሆነው ለዚህ ነው። በመጨረሻም ግንበኛው ከደረቧቸው ቤቶች በአንዱ ምድር ቤት ልጆቻቸውን ያስተኙ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ይህ ጥያቄ በጣም አስቆጣቸው።

6. ስድስተኛው ሰው ጠቡን ወደ ወረቀት መለሱት። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የኮለኖቹ ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጠውን ባለ አንድ ወለል ቤት በምድብ ሀ፣ ሁለት ወለልና ከዚያ በላይ ያለውን በምድብ ለ እንደመደበ አስታወሱ። ፎቅ ልጨምር ስል ቤቴ ምድብ እንደሚቀይር፣ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍልም ባለሙያ የፈረመበት የስትራክቸር ንድፍ እንደሚጠይቀኝ ነገሩኝ። ቀጥለው የጻፉት ደግሞ ፈጽሞ ያላሰብኩት ነበር። ካርታው በማን ስም ነው? ቤቱ የውርስ ከሆነና ገና ካልተከፋፈለ የሁሉም ወራሾች የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ አንዱ ወንድም በገንዘቡ የሠራው ፎቅ ነገ የሁሉም የጋራ ሀብት ነው ተብሎ ፍርድ ቤት የሚያቆም ጉዳይ ይሆናል። ካርታው እስከ ዛሬ በአባቴ ስም ነው። በዚያው ማታ አዲስ አበባ ወዳለችው ታላቅ እህቴ ደወልኩ። ብዙ ተነጋገርን፤ ጥቂትም ተላቀስን።

7. ሰባተኛውን ምላሽ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው በድሬዳዋ የባቡር ጥገና ወርክሾፕ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጡረተኛ በያጅ ናቸው። አባቴን ያውቁት እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ አጻጻፋቸው ግን የእሱን አነጋገር ይመስላል። ሃዲድ እንደ ፌሮ ወይም እንደ ተራ ብረት እንዳልሆነ፣ መንኮራኩር እንዳይበላው ተብሎ ካርቦኑ እንደሚበዛ፣ በዚህም ምክንያት ጠንካራ ግን ደረቅ እንደሆነ አስረዱ። ሳይሞቅ ከተበየደ ከብየዳው መስመር አጠገብ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ቀለም ሲቀባበት አይታይም፤ አንድ ቀን ግን ድንገት ይለቃል። ስለዚህ አባቴ ሳይበይድ፣ ሳይበሳ፣ እንዳለ ማጋደሙ የባለሙያ ሥራ ነው አሉ። በሩ ላይ ያለውን እንዳልነካው፣ ለአዲሱ ክፍተት ግን ሁለት ቁራጭ በያይዤ ልጠቀም እንዳላስብ አስጠነቀቁኝ።

በሃዲዱ ጎን፣ በመሐለኛው ቀጭን ክፍል ላይ፣ የፋብሪካው ምልክትና የተሠራበት ዓመት በጎላ ፊደል እንደሚገኝም ነገሩኝ። መሰላል ላይ ወጥቼ በቢላ ፋቅኩት። አረንጓዴው የበረንዳ ቀለም ተነሣ፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ደግሞ የጠቆረ ቅባት መጣ። ከዚያ ፊደሎቹ በጣቴ ሥር ተሰሙኝ፤ በመጨረሻ 19 የሚለው ቁጥር ወጣ። ቀሪዎቹ ሁለት አኃዞች በግድግዳው ውስጥ ተቀብረዋል። እናቴ ከታች መሰላሉን ይዛ ምን ይላል እያለች ትጠይቀኝ ነበር።

8. ይህን ስጽፍ ውይይቱ ወደ ባቡር ሄደ። አንድ ወጣት ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በፈረንጆች 1917 ስለሆነ ሃዲዱ ከዚያ ወዲህ የመጣ መሆን አለበት ሲል ገመተ።

9. ወዲያው ታረመ። በ1917 ባቡሩ የደረሰው አዲስ አበባ ነው፤ ድሬዳዋ ግን በ1902 ደርሶ ከተማዋም የተቆረቆረችው በእሱ ምክንያት ነው። አራሚው በዚያው ስለ ከዚራ ሰፈር የድሮ ቤቶች ረጅም ነገር ጻፉ፦ ስለ ከፍተኛ ጣሪያቸው፣ ስለ ሰፊ በረንዳቸው፣ አየር ስለሚያስገቡት የእንጨት መስኮቶቻቸው። ዛሬ 2 ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ ሶሌታ ሞልተን ሙቀቱን ራሳችን ላይ እንደምንዘጋ ሲያዝኑ ልባቸው ተሰማኝ። ከጥያቄዬ ርቆ ቢሄድም የጣሪያዬን ከፍታ 3 ሜትር ከ20 ያደረግኩት ይህን ምላሽ ካነበብኩ በኋላ ነው።

10. አሥረኛው ከሐረር ነበር። ጀጎል ውስጥ ከአያቱ የወረሰው ጌ ጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) እንዳለው፣ ነደባዎቹ (የመቀመጫ መደቦቹ) ሳይነኩ ከላይ አንድ ክፍል ለመጨመር እንደሞከረ ተረከ። ግድግዳው ወፍራም ስለነበረ የማይሸከመው ነገር ያለ አልመሰለውም ነበር። ዕድሜ ጠገቡን የእንጨትና የአፈር ጣሪያ አንስቶ አርማታ ሞላበት፤ በጭቃ የተያያዘውን የድንጋይ ግድግዳም በሲሚንቶ ለሰነው። በሁለተኛው ክረምት ልስኑ አብጦ መርገፍ ጀመረ። ጭቃው የያዘው እርጥበት በሲሚንቶው ታፍኖ መውጫ በማጣቱ ድንጋዮቹን ያያዘው ሁሉ ለሰለሰ፤ ግድግዳውም ወደ መንገዱ ሆድ አወጣ። ጀጎል በ1998 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች ወዲህ ያለ ቅርስ ባለሙያ ፈቃድ እንዲህ ያለ ሥራ መሥራት እንደማይገባ እያወቀ መሥራቱን በግልጽ ተናገረ፤ አሁን ሁሉንም እያነሣ ነው። ስህተቱን ሳይደብቅ እንዲህ በዝርዝር ለማያውቃት ሰው በመጻፉ አመሰግነዋለሁ።

11. እኔ በመሐሉ የስንጥቁን ፎቶ ለጥፌ ነበር። ከአባቴ መኝታ ቤት መስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ማዕዘኑ የሚወርድ፣ ሚስማር የሚያስገባ ስንጥቅ ነው። ለዓመታት በቀለም ስንሸፍነው ኖረናል። አሥራ አንደኛው ሰው ስንጥቁ የሞተ ይሁን የሚሄድ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አስተማሩኝ። ልስኑ ይነሣ፤ ጣት የሚያህል ቀጭን መስታወት ስንጥቁን አቋርጦ ሁለቱ ጫፎቹ በጄሶ ይለጠፉ፤ ቀኑ ይጻፍበት። መስታወት አይሳብም፤ ግድግዳው ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል። ከተሰበረ መስኮት ላይ ቆርጬ ጥር 9 ቀን ለጠፍኩት።

12. ይህ የራሴ ምላሽ ነው፤ የጉድጓዱን ውጤት የጻፍኩበት። ሁለት የቀን ሠራተኞች ቀጥሬ በስንጥቁ በኩል ያለውን ማዕዘን አስቆፈርኩ። ድንጋዩ በ55 ሳንቲ ሜትር አለቀ። ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ከላይ ሁለት ረድፍ በሲሚንቶ ተያይዟል፤ ከዚያ በታች ያለው ጭቃ ነው። ጣቴን በሁለት ድንጋዮች መካከል ሳስገባ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ፤ አፈሩም እንደ ቡና አተላ በጣቴ ላይ ቀረ። ጉድጓዱ ዳር ተቀምጬ አባቴን አሰብኩት። በደመወዙ ሰባት ልጆች እያሳደገ ያለውን ሲሚንቶ ሰው በሚያየው ቦታ ላይ አብቃቅቶታል። ለ2 ቶን ጣሪያ ይበቃ ነበር፤ በቅቶም ኖሯል።

13. ከሁሉ የተደነቅኩት በዚህ ነው። የ3ኛው ምላሽ ጸሐፊ፣ ግንበኛው፣ ተመለሱ። ቁጣቸው በርዷል። ጭቃ ይኖራል ብለው እንዳልጠበቁ፣ በጭቃ በተያያዘ መሠረት ላይ እሳቸውም ቢሆኑ እንደማይደርቡ ተናገሩ። ከዚያ ማንም ያላየውን አዩ። በፎቶው ላይ የጉድጓዱ አፈር የጠቆረ ነው፤ ዝናብ ከጣለ ከሁለት ወር በላይ ሆኖታል፤ ታዲያ ውሃው ከየት መጣ? በዚያ ማዕዘን የውሃ ቧንቧ ወይም የፍሳሽ ጉድጓድ አለ ወይ? የ2,000 ሊትሩ ሮቶ የቆመው እዚያው ነበር። ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ሁላችንም ተኝተን ሞልቶ ይፈስሳል። ስንት ዓመት ከመሠረቱ ሥር እንደገባ ፈጣሪ ይወቀው። በማግስቱ ሮቶውን ወደ ግቢው ጫፍ አዛወርነው፤ ተንሳፋፊ መዝጊያም ተገጠመለት። ሮቶ ሲሞላ ብቻውን 2 ቶን እንደሚመዝን፣ እንደ ብዙ ሰው ሶሌታ ላይ ልሰቅለው ካሰብኩ በንድፉ መቆጠር እንዳለበት መሐንዲሷ አከለች።

የ27 ዓመት እጅ በፎቶ ውስጥ እርጥበት ያያል። ንድፍ የሚሠራውም ሆነ ድንጋይ የሚያስቀምጠው ሰው ያስፈልገኝ እንደነበር የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ በአንድ ግቢ ቢገናኙ ምንኛ ደስ ባለኝ ብዬ ጻፍኩ።

14. አንዲት እናት ከዚሁ ከድሬዳዋ፣ ከአዲስ ከተማ ሰፈር ጻፉ። በሐምሌ 1998 የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ጎረቤቶቻቸውን አጥተዋል። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ መስሎ ተኝቶ፣ ድሬዳዋ ላይ ጠብታ ሳይጥል ደጋው ላይ በዘነበ ዝናብ እንደሚመጣ አስታወሱን። በወንዙ ዳር የሚሠራ ሰው ወለሉን ከመንገዱ ከፍ እንዲያደርግ፣ አጥሩንም ውሃ የሚያሳልፍበት ቀዳዳ እንዲተውለት መከሩ። ስለ ፎቅ ምንም አላሉም። ማንም አላቋረጣቸውም።

15፣ 16 እና 17። እነዚህን ባልፋቸው እመርጣለሁ። ሁለት ሰዎች የደቻቱ አሸዋ ለአርማታ ይሆናል አይሆንም ብለው ተነሡ፤ 17ኛው ምላሽ ላይ ሲደርስ ስለ አሸዋ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ ስለ ወላጅና ስለ ሰፈር ሆኗል።

18. አሥራ ስምንተኛው ሰው ግን ክርክሩን በአንድ ጠርሙስ ዘጉት። ከየትም ይምጣ፣ አሸዋን በጆሮ ሳይሆን በዓይን መመዘን ይቻላል። ግማሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አሸዋ፣ ቀሪው ውሃ፤ በደንብ ተነቅንቆ ማደር። ጠዋት አሸዋው ከታች ይረጋል፣ ደለሉ ከላዩ እንደ ቀጭን ክሬም ይቀመጣል። በማስመሪያ ይለካ። ደለሉ ከ6 በመቶ ከበለጠ አሸዋው ይታጠባል ወይም ይመለሳል። እኔ ከሁለት ሻጭ ያመጣሁትን ሞከርኩ። አንዱ በ10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ላይ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በታች ደለል አሳየ፤ ሁለተኛው አንድ ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ሆነ። ሁለቱም በመኪናው ላይ ሲታዩ አንድ ዓይነት ነበሩ።

19. አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት፣ ሰው ሁሉ ስለ ሲሚንቶ ሲያወራ፣ ፎቁ ላይ የሚወጣው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። እናቴ ጉልበቷን ታማለች። ወንድሜ ፎቅ ላይ ሲኖር እናቴ የልጆቹን ድምፅ ከላይ እየሰማች ደረጃ ሥር ልትቀመጥ ነው ወይ? ግቢው ባዶ ከሆነ ለምን ወደ ጎን አይሰፋም? በግቢያችን ያለችው የኒም ዛፍ ከሆነች ያሳሰበችኝ፣ እሷን መሐል አድርጎ በሁለት በኩል መሥራት እንደሚቻል ጻፉ። እውነት ነው፤ ፎቅ ያሰብኩት ኒሟን ላለመቁረጥ ነበር። አባቴ የተከላት ናት፤ በሰኔ ሙቀት ቤተሰቡ ሁሉ ከሥሯ ይውላል። እናቴን ስጠይቃት ለካ ፎቁን ከመጀመሪያው አልወደደችውም ነበር፤ እኔን ላለማስከፋት ዝም ብላለች።

20. መሐንዲሷ ይህን አንብባ መፍትሔውን ሠራችው። አሮጌው ቤት እንዳለ ይቆይ፤ አይጫንበት፤ አይደገፍበትም። ሁለቱ አዲስ ክፍሎች በግቢው በኩል በራሳቸው ፉቲንግ (የኮለን መሠረት)፣ በራሳቸው ኮለንና ቢም ይቁሙ። ከአሮጌው ግድግዳ 5 ሳንቲ ሜትር ይራቁ፤ አዲሱና አሮጌው እኩል ስለማይሰምጡ አንድ ላይ ከተሰፉ መሐላቸው ይቀደዳል። ኮለኖቹ ወደፊት አንድ ፎቅ እንዲሸከሙ ተደርገው ይነደፉ። ለፎቁ ተብሎ ከላይ የሚተርፈው ፌሮ ግን እንደየሰፈሩ ልማድ ራቁቱን ለዝገት እንዳይተው፣ በደካማ አርማታ እንዲሸፈን አሳሰበች።

የሳሎኑን ግድግዳ በተመለከተ ተራው እንዳይዛባ አስጠነቀቀችኝ። መጀመሪያ የመሠረቱ ችግር ይስተካከል፤ ይህም ግድግዳው ሥር አንድ አንድ ሜትር እየተዘለለ ተቆፍሮ፣ በአርማታ እየተሞላ ነው፤ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ጉድጓዶች በአንድ ቀን ፈጽሞ አይከፈቱም። ቀጥሎ በክፍተቱ ግራና ቀኝ ኮለን ከነፉቲንጉ ይቆማል። ከዚያ ጣሪያው በሁለቱም በኩል በፑንቴሎ (በጊዜያዊ ቋሚ ድጋፍ) ተደግፎ ግድግዳው ከላይ ወደ ታች ይፈርሳል፤ ቢሙም ይሞላል። ፑንቴሎው ለ21 ቀን አይነካም። መጀመሪያ ያነጋገርኩት ሰው ግን ግድግዳውን በአንድ ጠዋት በመዶሻ ሊጥለው ነበር። እናቴ ከዚያ ግድግዳ ማዶ ነው የምትተኛው።

21. አንድ ሰው ደግሞ ተቆጣ። አገሩ በሙሉ የቤት ኪራይ አቃጥሎት ሰው በላስቲክ ሥር እያደረ እኛ መስታወት ስንለጥፍና ጠርሙስ ስንነቀንቅ እንደምንውል፣ ይህ ሁሉ ለባለ ገንዘብ የሚሆን ወሬ እንደሆነ ጻፈ። ኑሮው እንደሚያስመርር አውቃለሁ፤ ቃሉን አልጠላሁበትም። ግን መስታወቱ የተቆረጠው ከተሰበረ መስኮት ነው፤ ጠርሙሱ የተጣለ ነው፤ ጉድጓዱ የወሰደው የሁለት ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለንድፉ የከፈልኩትም ለፌሮ ካወጣሁት አንድ አምስተኛ አይሆንም። ቤቱ ቢወድቅ ሁለተኛ የሚሠራበት ገንዘብ የሌለው ደሃው ነው፤ ስለዚህ መጠንቀቅ ከማንም ይልቅ ለእኛ ይገባል ብዬ መለስኩለት። እስካሁን አልተመለሰም። ቢመለስ ደስ ይለኛል።

22. የመጨረሻው ምላሽ ስለ ሙቀቱ ነው፤ ድሬዳዋ ለሚሠራ ሁሉ ይጠቅማል። ጸሐፊው በከተማዋ ለዓመታት ፎርማን የነበሩ ናቸው። ከየካቲት በኋላ ከረፋዱ 4 ሰዓት ወዲያ አርማታ መሙላት ገንዘብ መጣል ነው አሉ። ፌሮውና ጣውላው በፀሐይ ስለሚግሉ ከመሙላቱ በፊት ውሃ ይረጭባቸው፤ ሥራው ከንጋቱ 11 ሰዓት ይጀመር። ሠራተኛ አርማታው ደረቀብኝ ብሎ በባሬላው ላይ ውሃ ሲጨምር ባለቤቱ ዝም እንዳይል አደራ ብለዋል፤ በዚያች ጣሳ ውሃ የሚቀለው ድካሙ ብቻ ሳይሆን የአርማታው ጥንካሬም ነው። ከተሞላ በኋላ በጆንያ ተሸፍኖ፣ ጆንያው እንዳይደርቅ ቢያንስ ለ7 ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይጠጣ።

አሁን ያለንበትን ልንገራችሁ። ከወራሾቹ ሦስታችን ተፈራርመናል፤ የሌሎቹ አራት ወንድሞችና እህቶቼም ውክልና ደርሶናል። ፈቃዱ ወጥቷል። የመጀመሪያው መስታወት ጥር 25 ቀን ጠዋት ለሁለት ተሰብሮ አገኘሁት። 16 ቀን ነው የቆየው። ሮቶው ከተነሣና አፈሩ መድረቅ ከጀመረ በኋላ ሁለተኛ መስታወት ለጥፌያለሁ፤ ዛሬ ጠዋት በባትሪ አይቼው ደህና ነው። የ3ኛው ምላሽ ግንበኛ ሥራውን ይዘውልኛል፤ መሐንዲሷ ፌሮው ታስሮ ሳታየው አርማታ እንዳይሞላ ተስማምተዋል። ትናንት የመጀመሪያውን ፉቲንግ 1 ሜትር ከ50 አስቆፍረው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ቆመው የጎኑን አፈር በመዳፋቸው ሲያሹት እሷ ከላይ ሆና ምን እንደሚሰማቸው ትጠይቃቸው ነበር።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በአዲሱና በአሮጌው ቤት መካከል ባለችው የ5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት የመጋቢት ዝናብ እንዳይገባ ከላይ ላሜራ መሸፈን አለብን፤ ላሜራው ግን በአንድ በኩል ብቻ ተመትቶ በሌላው በኩል መንሸራተት መቻል አለበት። እንዲህ አሠርታችሁ ክረምት ያሳለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ፎቶውን እዚህ ለጥፉልኝ።